ጥፍር ያበቀለ አበባ

ትንፋሹን ይዞ ቁልፉን ሊጫን ሲል ንፋሱ መጣ። ፎቶ አንሺው በሆዱ እንደተኛ በሆዱ ተሳደበ። በዚህ ቅርበት ሌንሱ አጥርቶ የሚያየው ውፍረት ከወረቀት አይበልጥም፤ አበባዋ የጸጉር ያህል ከተነቃነቀች ፎቶው ጭቃ ነው። የተማሩት ይህን ከመጽሐፍ አንብበውታል። እሱ ስምንተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ወጥቶ፣ ሃያ ዓመት መሬት ላይ ተጋድሞ ነው ያወቀው።

"ጉንዳን ሊበላህ ነው" አለችው ታላቅ እህቱ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር። "ሰው ሠርግ እያነሳ ቤት ሠራ፤ አንተ አሁንም ከሣር ጋር ትተኛለህ።"

"እትዬ፣ ዝም ብለሽ ልብስሽን አስጪ።"

"እኔ ዝም ስል ንፋሱም ዝም ይላል?"

እስከ ስድስት ሰዓት አንድ ፎቶ ለፎቶ አንሺዎች ማኅበር ውድድር መላክ ነበረበት፤ ጠርዙ ያልተቆረጠ፣ እንደተነሳ ያለ። ይህ ደንብ የወጣው በእሱ ምክንያት ነው። ባለፈው ዓመት የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ያ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው፣ የእሱን ፎቶ ግድግዳ ሙሉ አድርጎ ካሳየ በኋላ ታችኛውን ጥግ በእስክሪብቶ ነካ አደረገና "ይኼ አበባ ደግሞ ጥፍር አብቅሏል" አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አበባውን በእጅ አስይዞ ጠርዙን እየቆረጠ እንደሚልክ ታወቀበትና ደንቡ ወጣ።

ጥፍሩ የእናቱ ነበር። ንፋስ ሲነሳ ከጎኑ ትንበረከክና የአበባውን አንገት በሁለት ጣቷ ትይዝለታለች፤ እሱ በኋላ ጠርዙን ይቆርጠዋል። ስንት ዓመት እንዲህ ሠሩ። ያን ቀን መቁረጡን የረሳው ራሱ ነው። ቤት ሲገባ ግን "ጥፍርሽ አዋረደኝ፤ ሁለተኛ ሥራዬ ላይ እንዳትመጪ" አላት። አልመጣችም። በሦስተኛው ወር ቀበሯት። ሊቀመንበሩ ለቀብር አልደረሰም፤ ይህንንም አልረሳለትም።

ቀና ብሎ እናቱ የተከለችውን የአበባ መደብ አየ። ወይን ጠጅ አበቦቹ በሙሉ እየወደቁ ይነሳሉ። ገመዱ ላይ አንሶላው ይጮኻል። ከመሃል አንዷ ብቻ ቀጥ ብላ ቆማለች። ቅጠሏ ይርገበገባል፣ አንገቷ ግን ንቅንቅ አይልም።

ሳያስብ ካሜራውን አዞረና ተጫነ። ሦስት ጊዜ። በካሜራው መስኮት አጉልቶ ሲያየው የአበባ ዱቄቷ ፍሬ በፍሬ ይቆጠራል። እንዲህ የጠራ ፎቶ በዕድሜው አንስቶ አያውቅም። ወደ ታች ሲወርድ፣ በጠርዙ ላይ፣ የደበዘዙ ሁለት የጣት ጫፎች አገኘ።

"እትዬ፣ አንቺ ነሽ የያዝሽልኝ?"

"በየትኛው እጄ?" አለች እህቱ። ከእሱ አሥር እርምጃ ርቃ፣ ሁለት እጇን ሰቅላ፣ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ነክሳለች።

ወደ ሌላ አበባ ዞረ። ይህችኛዋ እንደ ሰካራም ትወዛወዝ ነበር። ዓይኑን ካሜራው ላይ ሲያሳርፍ ቀጥ አለች። አነሳ፤ ጣቶቹ አሉ። ጣቶቹ ከፎቶው ውጭ እንዲቀሩ ካሜራውን ከፍ አድርጎ አነሳ። ጣቶቹም ግንዱን ይዘው ከፍ ብለዋል። መዳፉን ሰዶ በአበባዋ ዙሪያ አየሩን ዳበሰ። ምንም የለም፤ ከአንገቷ ሥር ያለው አየር ብቻ ከሌላው ሞቅ ይላል።

"ፊትህ አመድ መሰለ፤ ምን ሆንክ?" እህቱ መጥታ ካሜራውን ከእጁ ወሰደች። አየች። ልብስ የታጠበበት ባልዲ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"የማን እጅ ነው? ንገሪኝ እንጂ" አላት።

"ጥፍሩን አታየውም? እስከ ሥጋው ተቆርጧል።"

"የእሷ እንዲህ አልነበረም።"

"ላንተ ነው ያልነበረው" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አንተ ከጮህክባት ወዲያ በየሁለት ቀኑ እስኪደማ ትቆርጠው ነበር። እንዳታይባት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ትሸሽገዋለች። አጥቤ የገነዝኳት እኔ አይደለሁ?"

እሱ ወደ መደቡ ዞረ። ከፊቱ ያለችው አበባ፣ ማንም ፎቶ ሳያነሳት፣ ቀጥ ብላ እየጠበቀች ነው።

"ሰዓቱ ሄደ" አለች እህቱ። "ልቀቂው በላትና ንፋሱ ጋብ ሲል አንሳ። እኔን እንደሆነ ሰምታኝ አታውቅም።"

"አንዴ ብያታለሁ።"

"ወይም ላከው እንዲሁ።"

"ልኬው እንደገና ይሳቁባት?"

ካሜራውን ከእጇ ተቀብሎ አጠፋው። ባለሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ አጥፎ ክንዱ ሥር ሸጎጠ፣ የጉልበቱን አፈር አራገፈ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

"ውድድሩስ?" አለች።

 ወደ ቤቱ ሄዶ በሩን ከፈተና ጥግ ይዞ ቆመ። "ግቢ፣ ንፋሱ በርትቷል" አለ፣ ወደ መደቡ እያየ። መደቡ ላይ ቀጥ ብላ የነበረችው አበባ እንደ ሌሎቹ መወዛወዝ ጀመረች።

እህቱ የተጠራችው እሷ መስሏት ባልዲዋን አንስታ መጣች። ልታልፍ ስትል ክንዷን ያዘ።

"ቆይ፣ እትዬ" አላት። "እሷ ትቅደም።"