የአማቴ ጋንቾ

…ደግሞስ አልገጠመም ብል ውሸት አይደለም፣ ይኸው የተሳቢ መጎተቻው ጋንቾ አልገጠመም፣ ቀዳዳው ወዲያ ቡሎኑ ወዲህ፣ ጀርባዬ ካርቶን ላይ፣ አፍንጫዬና የመኪናው ሆድ መካከል አንድ ስንዝር የለም፣ ዝገት ዓይኔ ውስጥ ይረግፋል። ልረፍ። ትንሽ ብቻ።

ከመኪና ሥር ሲታይ ሰው ማለት እግር ነው። የአማቴ እግር እዚያ ነው፣ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ፣ ከፕላስቲክ ወንበሩ ሥር ተቆላልፎ፣ ከላይ ያለውን አላይም ግን አውቀዋለሁ፣ ቦርሳቸውን ታቅፈዋል፣ አገጫቸውን ወደ በሩ አቅንተዋል፣ የመንገደኛ አቀማመጥ። ከኋላዬ ተሳቢው ቆሟል፣ የቀለም ቀቢው ጎረቤታችን፣ መሰላልና ባልዲ የሚጭንበት፣ ጎኑ የሁሉም ሰው ግድግዳ የተረጨበት። ዛሬ ተጠቀሙበት፣ ነገ በጠዋት ሥራ አለኝ ብሏል። አማቴ ለብቻቸው የሚገቡበት ክፍል አከራይ ደግሞ በስልክ ቁርጡን ተናግራለች፣ ዛሬ ካልገቡ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ በሯ ወደ መንገድ ነው፣ ለልብስ ሰፊ እሱ ይበቃል ይላሉ እሳቸው። ዛሬ ነው እንግዲህ። ወይ ዛሬ ወይ መቼም።

ለወገባቸው ሕክምና ሁለት ሳምንት ብለው የመጡ ሴትዮ። ስድስት ዓመት ተቀመጡ።

አማትህ ሊሄዱልህ ነው አሉ፣ ይሉኛል ፋርማሲ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት፣ እልል በላ አንተ፣ ድግሱ መቼ ነው? እኔም እስቃለሁ፣ ምን ልበላቸው፣ አማቱ ስትሄድ ሆዱ የሚባባ ወንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ ልበል?

ትናንት ጋንቾውን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። እኔ ሱቁ ውስጥ እንደ ዕቃ ቆሜ። ሻጩ የመኪናውን ዓይነትና ዓመቱን ጠይቆ ሁለት አወጣ፣ እትዬ ይሄኛው ተነቃይ ነው፣ ሳይፈልጉት ሲቀሩ አውልቀው ማስቀመጥ ነው። ተነቃይማ ጥርስ አለኝ፣ ይበቃኛል፣ ያኛውን አሳየኝ። ያኛው ቋሚ ነው እትዬ፣ ለቤት መኪና ይከብዳል፣ ምንድን ነው የሚጎትቱት? ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንዲት አሮጊት። ኧረ እትዬ፣ ሰው ተሳቢ ላይ መጫን ክልክል ነው። እንግዲያ እኔ ከፊት እቀመጣለሁ፣ አማቼ ይጫን። ሻጩ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ እሳቸው ግን ቋሚውን ነው የያዙት፣ በሁለት እጃቸው፣ እንደ ሕፃን።

ቅድም ባለቤቴ መጥታ ነበር። ቁጢጥ አለች፣ ፊቷ ተዘቅዝቆ መጣ፣ ፀጉሯ መሬት ሊነካ። ገጠመ? አልገጠመም። ወደ ወንበሩ ዞር ብላ አየች፣ ከዚያ በሹክሹክታ፣ ባይገጥምስ፣ ማን ይፈርድብሃል? እኔ ብላት ተንኮል ነው ትለኛለች፣ አንተን ታምንሃለች፣ አንድ ቃል ብቻ፣ አልገጠመም በላት። ተነስታ ሄደች። ለእኔ ለራሴ ይህን ያህል ቃል ከተናገረች ሰንብታለች።

እኔና እሷ ጠብ የለንም። ጠብ ቢኖርማ ይሻል ነበር። ልማድ ነው። እማዬ፣ ነገ አምሽቼ እንደምመጣ ንገሪው ትላለች፣ እዚያው እኔ ተቀምጬ፣ እኔም፣ ሰምቻለሁ በሏት እማማ። እሳቸው ማንኪያቸውን ያስቀምጡና፣ እኔ ፖስታ ቤት ነኝ እንዴ? እንግዲያ ቴምብር ግዙልኝ! እንስቃለን፣ ሦስታችንም፣ አንድ ላይ፣ እና ያ ሳቅ ነው ቤቱ፣ ሌላው ግድግዳ ነው። ነገ ማታስ? ሁለት ሳህን። ሁለት ሰው። ማን ለማን ምን ይላል?

የጋንቾውን ሁለት የጎን ብረቶች አውርጄ ደረቴ ላይ ጎን ለጎን አስተኛኋቸው፣ ቀዝቃዛ ናቸው፣ መንታ ይመስላሉ። አይደሉም። የዚህኛው ጫፍ ወደ ውስጥ ያጎነብሳል፣ የዚያኛው ወደ ውጭ፣ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ። አንድ ቀን ሸሚዝ ሲቆርጡ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ እጅጌ ግራና ቀኝ አለው አሉኝ፣ ያላወቀ ሰፊ ያቀያይረዋል፣ ለባሹም ምን እንዳነቀው ሳያውቅ ሲታነቅ ይውላል። ግራውን በቀኝ። ግራውን በቀኝ ሰቅዬ ነው እስካሁን የምታገለው።

አቀያይሬ አነሳሁ። ቀዳዳው ቀዳዳው ላይ ወደቀ። ቡሎኑ በጣቴ ብቻ ገባ፣ ያለ ቁልፍ፣ ያለ ግፊት።

መልሼ ፈታሁት።

ማንም አላየም። ክቡር ደንበኛችን፣ የጠየቁት መድኃኒት ለጊዜው የለም፣ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ቀኑን ሙሉ የምለው ነው፣ አፌ ለምዶታል። ግን ሳይኖር ነው የለም የምለው። መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ እያየሁት ለማን የለም ብዬ አውቃለሁ? ቅድም እውነት የነበረው አሁን ውሸት ሆነ፣ ቃሉ ያው ነው፣ አንድም ፊደል አልተለወጠም።

ምነው ድምፅህ ጠፋ፣ ኢንጂነሩ?

እየሞከርኩ ነው እማማ።

የሆነ መኪና በመንገዱ አለፈ። ነጠላ ጫማዎቹ ተላቀቁ፣ ቀስ ብለው ወደ ወንበሩ ሥር ተሰበሰቡ፣ ለአላፊ መንገድ እንደሚለቅ ሰው።

ካልገጠመም ግድ የለም ልጄ። እቀመጣለሁ።

ግድ የለም? እሳቸው? ከሐኪሙ ጋር የተከራከሩት፣ በቴሌቪዥን ውስጥ ያለውን ዳኛ ስሙን እየጠሩ የሚሰድቡት፣ ሱሪዬን ከእግሬ ላይ አስወልቀው ይሄን የሰፋው እጁ ይቆረጥ ያሉት ሴትዮ፣ ግድ የለም? ድምፃቸውን አላውቀውም። የእንግዳ ድምፅ ነው። የወንበር ጫፍ ላይ ብቻ የሚቀመጥ፣ ትንሽ ብቻ የሚቆርስ፣ ሲጠሩት ቶሎ የሚነሳ ሰው። ባስቀራቸው የሚቀረው ይሄ ነው፣ ይሄ ድምፅ ነው ሦስተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጠው፣ እሳቸው አይደሉም፣ እሳቸው በልባቸው ያችን ክፍል ከፍተው ገብተዋል፣ በሯ ወደ መንገድ የሆነችውን።

ገጠመ እማማ።

ምን አልክ?

ገጠመ! ግራና ቀኙን አቀያይሬው ነው።

ኧረ ይቅር ይበልህ! ይሄኔ ሁለቱንም እጅጌ አንድ ትከሻ ላይ ሰፍተኸው ይሆናል! ነጠላ ጫማዎቹ ብድግ፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ፣ ሳልጠራቸው ተንበርክከው እጃቸውን አስገቡልኝ፣ መዳፋቸው ላይ የቡሎኖቹ ዳዶዎች፣ መርፌ የጠቀጠቀው ጣት፣ እንካ፣ አጥብቀው፣ እንደ እንግዳ አታባብለው! ወገብዎን እማማ። ወገቤን ተወው፣ እሱ ከእኔ ጋር ይሄዳል።

አጠበቅኩ። አንድ በአንድ፣ ቁልፉ አልዞርም እስኪል። ማሽኖቹን በብርድ ልብስ ልጠቅልል ብለው ገቡ፣ እኔ የተሳቢውን የኋላ መብራት ገመድ ሳገናኝ፣ እያንጎራጎሩ።

የቤቱ በር ላይ ሌላ እግር አለ። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም። ካልሲ ብቻ፣ ያለ ጫማ። በመካከላችን ማንም የለም፣ መልእክት የሚያደርስ።

ገጠመ፣ እላለሁ።

ሰምቻለሁ።

ተቆጣሽ?

አዎ።

እጠብቃለሁ። እግሯ አይገባም፣ አይወጣም።

አሁን ምን ቀረህ? ትላለች።

የተሳቢውን መብራት ማየት። ፍሬን የሚይዝልኝ ሰው።

ካልሲዎቹ ሲሚንቶውን ዞረው ሄዱ፣ የሾፌሩ በር ተከፈተ፣ መኪናው ወደ እኔ ትንሽ ዝቅ አለ። ወጥቼ ከተሳቢው ኋላ እቀመጣለሁ፣ የጭንቅላቷን ጀርባ በመኪናው የኋላ መስታወት አያለሁ፣ ያዢ እላለሁ።

ያዝኩት። በራ?

በራ።

ሁለቱም?

ሁለቱም። እጄ ቀይ ሆነ፣ ጉልበቴም። ሁሉም ልክ ነው፣ የቀረ ነገር የለም።

ልልቀቀው? ትላለች።

ቆይ፣ እላለሁ፣ ትንሽ ያዢልኝ።

እሺ፣ ትላለች፣ ይዤዋለሁ