ስልኩ ያላወቀው ፊት

እህትና ወንድም ሆነው ሰው ሠራሽ እግር ይሠሩ ነበር። ታላቅየዋ ጀሶ ታቦካለች፣ ትሞርዳለች፤ ታናሽየው በስካነር እየለካ ኮምፒውተር ላይ ይስላል። ድሮ የየደንበኛው የጀሶ ቅርጽ መደርደሪያውን ሞልቶት ነበር። ጣሪያው አፍስሶ ግማሹን ሲያበላሸው ነው ወንድምየው የመከራት።

«እትዬ፣ ልኬቱን ሁሉ ክላውድ ላይ እናስቀምጠው። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አይጠፋም።»

«ሌባ ቢገባበትስ?»

«ስልኬ ፊቴን አይቶ ካላረጋገጠ አይከፈትም። እኔን ደግሞ ማን ይሰርቀኛል?»

ሳቀች፤ የተረፈውንም የጀሶ ቅርጽ በጋሪ አስጭና አስጣለች። እውነትም ሥራው ቀለለ። ሰው ሠራሽ እግሩ የተሰበረበት ደንበኛ ሲመጣ እንደ አዲስ መለካት ቀረ፤ ሥዕሉ ይወጣና ወዲያው ይሠራለታል።

ከዚያ ወንድሟን ስትሮክ መታው። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ ጎኑ ግን ከዳው፣ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ወረደ፣ ከቃል ሁሉ «እሺ» ብቻ ቀረችለት። ቢርበውም እሺ፣ ቢያመውም እሺ።

ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን አንድ ፀጉር አስተካካይ በክራንች መጣ። ቆሞ የሚውልበት ሰው ሠራሽ እግር ተሰንጥቋል። «ነገ ብቅ በል» አለችው፣ እንደ ልማዷ። ኮምፒውተሩ ግን ያለ ወንድሟ ስልክ ፈቃድ ምንም አላወጣ አለ።

ስልኩን ወንድሟ ፊት ያዘችው። አልከፈተም። ጺሙን ላጨችው፣ መነጽሩን አደረገችለት፣ ወደ መስኮቱ አዞረችው፤ እምቢ። በመጨረሻ የወረደ ጉንጩን በጣቶቿ ደግፋ የከንፈሩን ጥግ ወደ ቦታው መለሰችው። ለአፍታ የድሮው ወንድሟ የመጣ መሰላት። ስልኩ ግን አላወቀውም። እጇን ስታነሳ ጉንጩ ተመልሶ ወረደ፣ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ምን እያደረገችው እንደነበር ያን ጊዜ ገባት።

«ይቅር በለኝ፣ የእናቴ ልጅ።»

«እሺ» አላት።

ልኬቱ ወደተቀመጠበት የክላውድ ድርጅት ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች።

«የአካውንቱ ባለቤት ራሳቸው ያናግሩኝ።»

«አጠገቤ ነው፤ መናገር አይችልም።»

«እንግዲያው የይለፍ ቃሉን ያስገቡ።»

«እሱን ባውቀው መች እደውል ነበር፣ ልጄ?»

«ይገባኛል እናቴ። ግን እርስዎ ማን እንደሆኑ እኔ በምን አውቃለሁ? ለእሳቸው ደህንነት ብለን ነው።»

አመስግና ዘጋች። ልጅቷ ልክ ናት።

ወንድሟ ግራ እጁን ዘረጋ፤ ልሞክር ማለቱ ነው። ፊደል መለየት እንዳቃተው ሐኪሙ ነግሯት ነበር፤ ቢሆንም ስልኩን ሰጠችው። ነካካ፣ ደጋግሞ ነካካ። አካውንቱ ለደህንነት ሲባል መቆለፉን የሚገልጽ ጽሑፍ መጣ። ምን ይላል በሚል ዓይን አያት።

«ተከፈተ፤ ጎበዝ» አለችው።

የፊቱ ደህናው ግማሽ በራ። ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመ፤ መሥራት ፈልጓል። «ነገ» አለችው።

በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ ሲመጣ ከሜትርና ከጀሶ በቀር የምታቀርብለት አልነበራትም። ሁሉም ከሀ መጀመር ነበረበት።

«እስከዚያ ወንበሬን ለሌላ ሰው ይሰጡብኛል» አላት። አልተቆጣም።

ሱሪውን ጠቅልላ መለካት ጀመረች። በሥራ ክፍሉና በወንድሟ ክፍል መካከል ያለውን በር አስቀድማ ዘግታው ነበር። ወንድሟ ከወዲያ በኩል በግራ እጁ ያንኳኳል።