ትንኟ እንዳትሸና

አክስት የመጣችው የእህቷ ልጅ የረሳችውን መነጽር ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ድረስ ልታደርስ ብቻ ነበር። ከቅጥነቷ የተነሣ ቤተሰቡ ጭራሮ የሚላት ይህች ልጅ ስለ ትንኝ ታጠናለች። ዛሬ መምህሯ ፊት የምታሳየው ሙከራ ካልያዘላት ዓመቱን ትደግማለች።

ጭራሮ መነጽሯን አድርጋ ሁለት የተራቡ ትንኞችን በቀጭን መርፌ ወጋች፤ አንዷን በሆርሞን፣ ሌላዋን በጨው ውሃ ብቻ። ከዚያ አፋቸው በስስ መረብ በተሸፈነ ሁለት ብርጭቆዎች ውስጥ ለየብቻ አስገባቻቸው። ከሥራቸው ጠብታ ሲነካው ወደ ሰማያዊ የሚቀየር ነጭ ወረቀት አለ።

«ይኼ ምን ይሉታል?» አለች አክስት ወንበር ስባ።

«ትንኝ ደም ስትጠጣ ክብደቷ እጥፍ ይሆናል፣ መብረር ያቅታታል። ያኔ ሰውነቷ ሆርሞን ይለቅና ኩላሊት መሳይ ቱቦዎቿን ‹ጨውና ውሃውን አውጡ› ይላቸዋል። እየጠጣች ትሸናለች። ይህቺ ሆርሞን የተወጋችው ምንም ሳትጠጣ ከሸናች ሥራው የሆርሞኑ ነው። ያቺኛዋ ግን መሽናት የለባትም።»

«እየጠጣች? የፈጠራት ያውቃል። ነውር ግን ነው።»

ጭራሮ መምህሯን ልትጠራ ወጣች። አክስት ጠረጴዛውን ደገፍ ብላ ስለ ልጅቷ መጸለይ ጀመረች። መሐል ላይ ክንዷን ቢበላትም ጸሎት አይቋረጥም ብላ ቻለችው።

መምህሩ ገብተው ጎንበስ አሉ። «ሁለቱም ሸንተዋል።»

የጭራሮ ፊት አመድ መሰለ።

መምህሩ አጉሊ መነጽር አነሱ። «የጨው ውሃዋ ሆዷ ቀልቷል። ማንን በልታ ነው?»

አክስት ክንዷን እያከከች ነበር። ክርኗ ሥር ቀይ እብጠት ወጥቷል።

«አክስቴ፣ ብርጭቆው ላይ ተደግፈሽ ነበር እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ? ሲበላኝ ፈተና ነው ብዬ ቻልኩት።»

መምህሩ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። «በሌላ ትንኝ ድገሚው። እርስዎ ደግሞ እጅዎን ወደ ኋላ ያድርጉልን።»

ሌላ የተራበች ትንኝ የጨው ውሃ ተወጋች። ሦስት ራስ አንድ ብርጭቆ ላይ ተደፋ።

«ያዥ እናቴ፣ ትንሽ ቻይው» አለች አክስት፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ።

«አክስቴ፣ አትሰማሽም።»

«አንቺን ማን አናገረሽ?»

ቆየት ብሎ መምህሩም በለሆሳስ «ያዥ፣ ያዥ» ሲሉ ተሰሙ።

ወረቀቱ እንደ ነጣ ቀረ።

«አልሸናችም» አለች ጭራሮ፣ አክስቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ።

«ነገ በብዙ ትንኞች ታረጋግጪዋለሽ» አሉ መምህሩ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ዓመቱን ግን አትደግሚም።»

«ተመስገን» አለች አክስት። «በይ አሁን ልቀቂኝ፤ እኔም ከመጣሁ ጀምሮ ይዤው ነው ያለሁት። ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?»