የጠመኔ ክፍል

«ቃል የከዳው ሰው በምን ያስተምራል? እስቲ አንቺው ንገሪኝ።»

አባቷ ይህን የጠየቃት የትምህርት ቤቱን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየረገጠ ሲወጣ ነው። ከኋላው የምትከተለው ልጁ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። ሰሞኑን ደጋግሞ የጠየቃት ጥያቄ ነው። የሒሳብ መምህሯ እንደሚያስተምሩ ታውቃለች፤ እንዴት እንደሚያስተምሩ ግን ክፍሉን ላላየ ሰው፣ ያውም ለአባቷ፣ በምን አፍ ይነገራል?

አባቷ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነው። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢም ነው፤ የተመረጠው ማይክ ስለማያስፈልገው ነው እያሉ ሌሎቹ ወላጆች ይቀልዱበታል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ መንገድ ይወጣል። ከዚያ በፊት ግን ከዳይሬክተሯ ጋር ሆኖ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን የሒሳብ ትምህርት ከኋላ ተቀምጦ ሊያይ ነው።

«አባዬ፣ አደራህን» አለችው ኮሪደሩ ላይ፣ «ሲናገሩ እንዳትስቅ።»

«ምን ያስቀኛል? በታመመ ሰው ይሳቃል እንዴ?» አለ ቆም ብሎ። «እኔ ሰውዬውን ጠልቼ መሰለሽ? እግዜር ይማራቸው። ግን ፍሬን በሌለው መኪና ተሳፋሪ አልጭንም፤ ልጄንማ ጭራሽ።»

ተማሪዎች መምህሩን «ጠመኔ» ይሏቸዋል፤ የኮታቸው ኪስ ነጭ ያልሆነበት ቀን ስለሌለ። ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ ስትሮክ መታቸው። ክረምቱን በሕክምና አሳልፈው ሲመለሱ ቀኝ እጃቸው የሰው ዕቃ የተሸከሙ ይመስል ከጎናቸው ተንጠልጥሏል። ያ እንደ ልብ ይንቆረቆር ከነበረው አንደበት ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ ተርፋለች፤ «ይኸውና»። ሰላምታቸውም፣ ቁጣቸውም፣ ምስጋናቸውም እሷው ናት። ልዩነቱ ዜማው ላይ ነው። ወደ ላይ ከወጣች ጎበዝ ማለት ነው፤ ወደ ታች ከተጎተተች አንዱ ጉድ ፈልቶበታል። ሒሳቡ ግን ከቃሉ ጋር አልሄደም። ወደ ሥራ የተመለሱትም ሐኪሞቹ ይህን መስክረውላቸው ነው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ክፍሉ ፈዞ ተቀመጠ። መምህሩ በግራ እጃቸው ይጽፋሉ፤ ቁጥሮቹ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ፤ ተማሪው አንገቱን ደፍቶ ይገለብጣል። አንድ ቀን ጠመኔ ሆድ ባሳቸው መሰል ጽሑፋቸውን አቋርጠው ዞሩ። የክፍሉ አለቃ ወደሆነችው ወደ ሾፌሩ ልጅ በጠመኔው ጠቆሙ፤ ከዚያ አፋቸውን ነካ ነካ አድርገው ሰሌዳውን አሳዩዋት። አንቺ ተናገሪልኝ ማለታቸው ነበር። ምላሷ እየተሳሰረ የጻፉትን አነበበች፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነም እየፈራች አስረዳች። «ይኸውና!» አሉ፤ ቃሏ ጣሪያ ነካች።

ከዚያ ወዲህ የክፍሉ ደንብ ይህ ሆነ። እሳቸው ይጽፋሉ፣ የተጠቆመው ተነሥቶ ጮክ ብሎ ይናገራል። በሌላ ሰው ጀርባ ተሸሽጎ «ገብቶኛል» ማለት ቀረ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ድምፁ ተሰምቶ የማያውቀው ሁሉ ተናጋሪ ወጣው። ትምህርቱ ግን ዘግሟል፤ ይህን አለቃም አትክድም። ጎረቤት ያለው ክፍል በአንድ ምዕራፍ ቀድሟቸዋል፤ የመልቀቂያው ፈተናም እየመጣ ነው።

የዛሬው ትምህርት አንድ ካርቶን ነበር። ጠመኔ አራት ማዕዘኑን ካርቶን ደረታቸው ላይ ደግፈው በግራ እጃቸው ከማዕዘኖቹ እኩል እኩል ካሬ በመቀስ መቁረጥ ያዙ። መቀሱ የቀኝ እጅ መቀስ ነው፤ እምቢ አለ። ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ባለ ትልቅ ድምፅ ልጅ፣ «ጥሩምባ» የሚሉት፣ ሊያግዛቸው ብድግ አለ።

«ይኸውናአ» አሉ ወደ ታች ጎትተው።

«ተቀምጫለሁ ቲቸር፤ ኧረ ተኝቻለሁ!» አለ ጥሩምባ። ክፍሉ ሳቀ፤ ጠመኔም ሳቁ። ከኋላ የተቀመጡት ሁለቱ እንግዶች አልሳቁም።

አራቱ ማዕዘኖች ተቆርጠው ሲወድቁ ጎኖቹን አጠፏቸውና ክዳን የሌለው ሳጥን አወጡ። ከሌላ ካርቶን ጥልቅ አድርገው ቆርጠው ሁለተኛ ሳጥን ሠሩ፤ ይኼኛው ረዥም ሆኖ ጠባብ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመው እጃቸውን ዘረጉ። ጥያቄው ለማንም ግልጽ ነበር፤ ብዙ የሚይዝ ሳጥን እንዲወጣ ማዕዘኑ ምን ያህል ይቆረጥ? አባቷ እንኳ ሳያስበው ወደ ፊት ዘንበል ሲል አየችው። ዕቃ ጭኖ የኖረ ሰው ነው።

ጠመኔ ወደ ሰሌዳው ዞረው ስሌቱን ጀመሩ። አንድ መስመር፤ አንዷ ተነሥታ ተናገረችው። ሁለተኛ መስመር፤ ጥሩምባ ተናገረው፣ ኮሪደሩ ሁሉ ሰማው። ሦስተኛውን ጽፈው ሲጨርሱ ጠመኔው ወደ አለቃ አመለከተ።

ተነሣች። አፏን ከመክፈቷ በፊት መስመሩን በዐይኗ አነበበችው። መቀነስ ባለበት ቦታ የመደመር ምልክት ተጽፏል። አለቀ! በዚህ ከተቀጠለ የሚቆረጠው ማዕዘን ልኬቱ ከዜሮ በታች ይወጣል።

ዙሪያዋን አየች። ጥሩምባ አይቶታል፤ ዐይኑን ጫማው ላይ ተክሏል። ሌሎችም አይተውታል። ከኋላ ዳይሬክተሯ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። አለቃ የተጻፈውን ትታ መሆን ያለበትን ብታነብ፣ ማን ያውቅባታል? አባቷ ሒሳቡን አያውቅም፤ ዳይሬክተሯ የታሪክ መምህር ነበረች። ጠመኔም ሲሰሟት ነቅተው ቀስ ብለው ያርሙት ይሆናል።

ጠመኔ ግን ይጠብቁ ነበር። ፊታቸው ላይ ፍርሃት የለም፤ ከእሷ የሚመጣውን ለመስማት ጆሯቸውን የሰጡ ተማሪ ነበር የሚመስሉት። እንዲህ ዐይን ዐይኗን የሚያይ ሰው አይታለልም።

«ቲቸር፣ የመጀመሪያው ምልክት ልክ አይደለም» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኖ። «መቀነስ ነው መሆን ያለበት።»

ጠመኔ ወደ ሰሌዳው ዞሩ፤ አንድ ርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። መስመሩን ከላይ እስከ ታች በዐይናቸው ተከተሉት። ከዚያ በእጅጌያቸው ጠረጉትና የመቀነስ ምልክቷን ረጅም አድርገው አሰመሩ። ሲዞሩ ፊታቸው በርቷል፤ ጠመኔውን ለእሷ አስረከቧትና ወደ ወንበሯ ሄደው ተቀመጡ። እሷ ወደ ሰሌዳው፣ እሳቸው ወደ ተማሪው ቦታ!

ቀሪውን ስሌት አለቃ ጻፈችው፤ ክፍሉ እየተቀባበለ ተናገረው። መጨረሻ ላይ ሁለት መልስ ወጣ፤ አምስት እና አሥራ አምስት።

«የካርቶኑ ጎን ሠላሳ ነው» አለች ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ፣ ማንም ሳይጠቁማት። «አሥራ አምስት አሥራ አምስት ከቆረጥንማ ምንም አይተርፍም።»

«ወሬው ይተርፋል!» አለ ጥሩምባ።

ጠመኔ ከአለቃ ወንበር ላይ ሆነው ጠረጴዛውን በደስታ ደበደቡ።

ደወሉ እንደተደወለ አባቷ ኮሪደሩ ጥግ ወሰዳት። ፊቱ ተደበላልቆበታል።

«ጀግና ናቸው» አለ። «አልካድኩም። እኔ እንደዚያ ብሆን መሪ አልጨብጥም ነበር።»

«እሳቸው ግን ጨበጡ።»

«ጨበጡና ሳቱ! ስህተታቸውን ያወጣሽው አንቺው አይደለሽ?»

«በፊት ቢሆን እኮ እንገለብጠው ነበር አባዬ። ማንም ቀና ብሎ አያይም። አሁን አርባ ሰው ያያል።»

«ፈተናው ላይ አርባችሁ አይደላችሁም፤ ብቻሽን ነሽ። መሐንዲስ መሆን የምትፈልጊው አንቺ ነሽ፤ እኔ አይደለሁም ያልኩሽ። አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ቀርታችኋል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ለእሱ ዝቅ ማለት ከባድ ነው። «የኔ ልጅ፣ የኔን ሕይወት አይተሻል። ለሌላ ሰው ብለሽ ወንበርሽን እንዳትለቂ። ነገ ጠዋት ጎረቤት ክፍል ትገቢያለሽ። ለዳይሬክተሯም ነግሬያለሁ።»

ጉንጯን ሳማትና ሄደ። ከጀርባው ስታየው ትከሻው የደከመ መሰላት። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለላት!

በምሳ ሰዓት የትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ተንቋቋ። ዜና አንባቢው ጥሩምባ ነው።

«የሴቶች መረብ ኳስ ቡድናችን ትናንት በሜዳው አሸንፏል። ተሸናፊዎቹ ፀሐይ ዐይናችን ውስጥ ገባ ብለዋል፤ ፀሐይ አስተያየት አልሰጠችም። ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ካልሲ ተገኝቷል፤ ባለቤቱ ሌላኛውን ይዞ በመምጣት ይውሰድ። ከዚህ ቀጥሎ...» ድምፁ ቆመ። ወረቀት ተንኮሻኮሸ። «ከዳይሬክተሯ የተላለፈ ማስታወቂያ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በሒሳብ ትምህርት ምክንያት ክፍል መቀየር የሚፈልጉ ከነገ ጠዋት ጀምሮ መግባት ይችላሉ። የሚቀሩት ከግማሽ ካነሱ ክፍሉ ይታጠፋል፤ መምህሩም... በጡረታ ይሸኛሉ።» እንደ ወትሮው ቀልዶ አልጨረሰም። ማጉያው ጠፋ።

አለቃ ግቢው ውስጥ ያሉትን የክፍሏን ልጆች አየች። አንዱ ሌላውን አያይም። ሁሉም ቤት አለው፤ ቤቱም ውስጥ እንደ አባቷ ያለ ሰው።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ በሮች ጎን ለጎን ክፍት ነበሩ። በጎረቤቱ ክፍል በር ተጨማሪ ወንበሮች እየገቡ ነው። የራሷ ክፍል ውስጥ ማን እንዳለ ከቆመችበት አይታይም፤ አንገቷን አስግጋ ማየት ትችል ነበር፣ አላየችም። ቆጥራ የምትገባ ከሆነ መግባቷ ምን ዋጋ አለው? ስልኳን አወጣች። አባቷ ይህን ጊዜ የሆነ መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪ እያስገባ ይሆናል።

«አባዬ፣ ጎረቤት ክፍል አልገባሁም። ከቲቸር ጋር ነኝ። የቀረንን ምዕራፍ ቅዳሜ ቅዳሜ አነብበዋለሁ፤ ብወድቅ በራሴ ነው፣ እሳቸውን እንዳትቆጣ። መንገዱን ቀና ያድርግልህ።»

ላከችው። ወዲያው እንዳነበበው ስልኳ አሳያት። መጻፍ ጀመረ፤ አቆመ፤ እንደገና ጀመረና ተወው። ደወሉ ሲደወል ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ገባች። መልሱ በዚያ ቀን አልመጣም፤ አባቷ ከመንገድ ከተመለሰ በኋላም አልመጣም።