የእሁዱ ማስታወቂያ

ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ላይ የሟቹ ድምፅ በግድግዳው በኩል መጣ።

«ዛሬ ማታ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ፣» አለ፤ ረጋ ብሎ፣ ሁልጊዜ እንደሚለው። «የሴቶች የመቶ ሜትር ውሃ ዋና ፍጻሜ። ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ የሜዳ ቴኒስ። አብራችሁን ሁኑ።»

ቤቱ ውስጥ ሃያ የሚሆን ለቅሶ ደራሽ ነበር። ሻይ ወደ አፉ ያስጠጋው ሰው እንዳስጠጋ ቀረ። የሟቹ እህት ጩኸቷን ለቀቀችው። በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «ነፍሱ ናት፤ ቤቷን አልለቀቀችም» ሲሉ፣ ጎናቸው የነበረው ጫማ ሰፊ ጎንበስ ብሎ «ምን ነፍስ አመጡብን እማማ፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን ነው» አላቸው።

«ቀብረነው መጥተን?»

«የቀበርነው እሱን ነው። ድምፁን አስቀድሞ ቀድቶት ነው የሞተው።»

ጫማ ሰፊው ልክ ነበር። ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቴሌቪዥን ጣቢያው የሠራው አንድ ሥራ ነው፤ ማታ የሚታየውን ቀን ላይ መናገር። ፊቱን ተመልካች አይቶት አያውቅም። የበጋ ስፖርት ሳምንት ሲመጣ ቀረጻ ክፍሉ ስለሚጨናነቅ፣ ከሰኞ እስከ እሁድ ያለውን የሰባቱን ቀን ማስታወቂያ፣ ቀደም ብሎ ባለው ቅዳሜ ባንድ ጊዜ ቀድቶ ይገላገላል። ዘንድሮም እንደዚያው አደረገ። በማግስቱ እሁድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ፤ ቀና አላለም። ሰኞ ድምፁ ሲተላለፍ ሁሉም ቀብር ላይ ነበሩ። ማክሰኞ የለቅሶው ጩኸት ዋጠው። ረቡዕ ግን ሰዉ ደክሞት ዝም ባለበት ሰዓት መጣ።

ሚስቱ አላለቀሰችም። ጆሮዋን ወደ ግድግዳው እንዳዘነበለች በልቧ ቆጠረች፤ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ። አራት ቀርቶታል።

የሟቹ ታላቅ ወንድም ከመቀመጫው ተነሣ። ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነው፤ ችግር ሲያይ መቀመጥ አይሆንለትም። ወጥቶ ሲሄድ፣ ቀጥሎም ጎረቤት ቤት ውስጥ ሲቆጣ ተሰማ። «ሐዘን ቤት አጠገብ እንዳላችሁ ጠፋችሁ? ሰው አይደላችሁም?» ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ተመልሶ መጥቶ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ።

«አይዞሽ እህቴ፣ አስጠፋሁልሽ። ሁለተኛ አትሰሚውም።»

ተወው ጋሼ፣ ልስማው፣ ልትል ነበር። ሃያ ሰው እያያት ነው። ባሏን በቀበረች በሦስተኛው ቀን ቴሌቪዥን አማራት ሊሏት ነው። አፏ ላይ የደረሰውን መለሰችው።

«እሺ ጋሼ» አለች።

ሰፈሩ ሰውየውን የሚጠራው በስሙ አልነበረም። ማስታወቂያው ሁሉ «ዛሬ ማታ» ብሎ ስለሚጀምር ጋሽ ዛሬማታ ይሉታል፤ ትንሹም ትልቁም። ዳቦ ሊገዛ ተሰልፎ «አራት ስጪኝ» ሲል ከኋላው ያለው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየዋል። ዳቦ ሻጯም «እስቲ ዛሬ ማታ አራት ዳቦ ብለው ይንገሩኝና ነው የምሰጥዎት» እያለች ታስቀዋለች። ስለ ስፖርት ግን ደንቆሮ ነበር። ጎረምሶች መንገድ ላይ አስቁመው «ጋሽ ዛሬማታ፣ ማን ያሸንፋል?» ሲሉት «እሱ የዝግጅት ክፍሉ ጉዳይ ነው» ብሎ ያልፋል። ራሱ ያስተዋወቀውን ውድድር ሊያይ ተቀምጦ ሳይጀመር ያንኮራፋል። ጠዋት ተነሥቶ ሚስቱን «ማን ወሰደው?» ይላታል። አንድ ቀን ተናዳ «አንተ ወሰድከው» ብላው፣ ቀኑን ሙሉ ለብቻው ሲስቅ ዋለ።

ቤት ውስጥ ወሬኛ አልነበረም። እንዲያውም አፉ የሚፈታው ወረቀቱን ሲይዝ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊ ናትና እሷ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ፣ እሱ ፊት ለፊቷ በርጩማ ላይ ሆኖ የነገውን ያነባል። ማስታወቂያው ከአሥራ ስድስት ሰከንድ ማለፍ የለበትም። የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ይሰጣታል፤ እሷ እግሯን ከፔዳሉ አንሥታ ትይዝለታለች። «አሥራ ስምንት» ትለዋለች፤ አንድ ቃል ይሰርዛል። «አሥራ ሰባት» ትለዋለች፤ ሌላ ይሰርዛል። በተጋቡ ሰሞን ለምን ጣቢያው ውስጥ እንደማይለማመድ ጠይቃው ነበር።

«ለሕዝብ ነው የምናገረው ብዬ ካሰብኩ ድምፄ ይደርቃል» አላት። «ላንቺ እንደምነግርሽ ነው የማነበው። እዚያም ገብቼ ያው ነው።»

ይህን የተናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደግሞ አልተናገረውም፤ እሷም ደግማ አልጠየቀችውም።

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት ግን ሥራ ተደራርቦባት ነበር። ለአንድ መሥሪያ ቤት አሥራ አንድ መጋረጃ እስከ ቀትር ማድረስ አለባት። እሱ ኮቱን ለብሶ፣ ወረቀቱን ይዞ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«የእሁዱን አልወደድኩትም» አላት። «እስቲ ስሚልኝ።»

«አሁን?»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

ቀና ሳትል ነው የመለሰችለት። እግሯ ፔዳሉን አልለቀቀም። «ሲተላለፍ እሰማዋለሁ» አለችው።

ትንሽ ተቀመጠ። ከዚያ ሰዓቱን መልሶ እጁ ላይ አሰረና ሄደ። ማታ ሲመጣ ስለ እሁዱ አላነሣም፤ እሷም ረስታው ነበር። አሁን ከዚያ ሁሉ ዓመት የሚያንገበግባት ይቺ ብቻ ናት። እሰማዋለሁ ብላዋለች። መስማት አለባት።

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ኮቱን ለብሶ ወጣና እኩለ ቀን ላይ ተመለሰ። የት እንደነበር ማንም አልጠየቀውም። ፊቱ ላይ አንድ ጉዳይ የጨረሰ ሰው እፎይታ ነበር። በአሥር ሰዓት ከሃያ አምስት ግድግዳው ዝም አለ። ጎረቤቲቱ ፈርታ አልከፈተችም ብላ ሚስቲቱ አሰበች።

አመሻሹ ላይ የተውሶ ብርጭቆ ልመልስ ብላ ወጣች። ጎረቤቲቱ ገና በሩ ላይ ስታያት እንባዋ ቀደማት።

«እትዬ፣ በሞቴ ይቅር በይኝ። ልጆቹ ናቸው የከፈቱት። የናንተን ሐዘን ረስቼ አይደለም።»

«እሱን ተይው። አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው የመጣሁት።»

«ምን ገዶኝ፣ እትዬ።»

«እሁድ በአሥር ሰዓት ከሃያ ክፈቺልኝ። እኔ እመጣለሁ።»

ጎረቤቲቱ ዓይኗ ፈጠጠ። «ቴሌቪዥኑን? ኧረ ጋሼ ይገድሉኛል። ትናንት እኮ እንደ ተማሪ ግድግዳ አስደግፈው ነው የገረፉኝ፣ በአፋቸው።»

«አይሰሙም። ድምፁን ቀንሰን ነው።»

«አይብስብሽም? ይኼ ነገር አይጎዳሽም፣ እትዬ?»

«እሰማዋለሁ ብዬው ነበር» አለች። ጎረቤቲቱም እጇን ይዛ «ሦስት ቀን ነው የቀረው፤ እከፍትልሻለሁ» አለቻት።

ሐሙስ ማታ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እህል ቀመሰች። የሟቹ እህት አየችና ለጋሼ በዓይኗ አሳየችው። ጋሼ ራሱን ነቀነቀ፤ መድኃኒቱ ሠራ እንደሚል ሐኪም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከጣቢያው ሰው መጣ። ቀረጻ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለቱንም ዓመት ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ ተቀምጦ ሲቀዳው የኖረ፣ አጭር፣ ወፍራም ሰው ነው። ሰርግም ሆነ ክርስትና ላይ ቀልድ የማያልቅበት፣ አሁን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል። ሻይ ሰጠችው። ሁለቴ አማሰለና ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ጀመረ።

«እትዬ፣ የረቡዑን ሰምተናል። በጣም ነው ያፈርነው። ማናችንም አላሰብነውም፤ ማሽኑ ላይ ተጭኗል፣ በሰዓቱ ይወጣል። ትናንት ጋሼ መጥተው ሲነግሩን ክው ነው ያልነው።»

«ጋሼ?» አለች።

«አዎ። ድምፁን ስትሰማ እየሞተች ነው አሉን። ወዲያው ነው የተነሣነው። ከትናንት ጀምሮ ሌላ ሰው እያነበበ ነው። አሁን የትም ብትሄጂ አይመጣብሽም።»

እጇ ላይ የነበረውን ማንቆርቆሪያ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አኖረችው።

«የእሁዱስ?»

«የእሁዱም ቢሆን። በስህተት እንዳይወጣ ብዬ እኔው ራሴ ነኝ ያጠፋሁት። አዲሱን እላዩ ላይ ነው የቀዳሁት። ስለሱ ሐሳብ አይግባሽ።»

«የድሮዎቹ አሉ? የአምናው? የካቻምናው?»

ሰውየው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። «ማስታወቂያ እኮ ነው፣ እትዬ» አለ። «ያለፈ ፕሮግራም ማስታወቂያ ማን ያስቀምጣል? ያው አንዱ ካሴት ነው፤ የሳምንቱን በሳምንቱ ላይ ነው የምንቀዳው። እንዲህ ነው ሲሠራ የኖረው።»

ሃያ ሁለት ዓመት። ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«የእሁዱ ላይ ምን አለ?»

«እንግዲህ... የመጨረሻው ቀን ነው። ብስክሌቱ ነው መሰለኝ። መዝጊያው።»

«ቃሉን። ምን ብሎ ጀመረ?»

አጭሩ ሰው አሰበ። የምሩን አሰበ። «አላስታውሰውም» አለ። «የማስታውሰው አልገባለት እንዳለ ነው። ሌላውን ባንድ ጊዜ ነው የጨረሰው። የእሁዱ ግን አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ሆነበት። ደገመው፤ አሥራ ስምንት። እኔ እኮ ተርቤያለሁ፤ ‹ወዳጄ፣ ዛሬ ማታ ሳይሆን ነገ ማታ ልንወጣ ነው› አልኩት። ሳቀ። ‹ዛሬ ሰዓት የሚይዝልኝ ሰው አላገኘሁም› አለኝ። በሦስተኛው አሥራ ሰባት ሲሆን፣ ተወው፣ ማን ይቆጥረዋል ብዬ አስወጣሁት።»

አጽናንቶ የሄደ መስሎት ነበር። ሲነሣ ጋሼ በሩ ድረስ ሸኘው፤ እጁን በሁለት እጁ ይዞ አመሰገነው። እሷ በተቀመጠችበት ቀረች። የሟቹ እህት ጠጋ ብላ «አልቅሺ እንጂ፤ እንዲህ ታምቀሽው እኮ ነው የሚገድልሽ» አለቻት። ማልቀስስ ፈልጋ ነበር። የሚያለቅሱት ለሞተ ሰው ነው። ይቺ የእሁዷ ማስታወቂያ ግን የጠፋች እንጂ የሞተች አይደለችም፤ ሐሙስ ጠዋት ደህና ነበረች። እሷ ራሷ ረቡዕ ዕለት አንድ ቃል ተናግራ ቢሆን ኖሮ ማስታወቂያዋ ዛሬም ትኖር ነበር። ቅዳሜ ዕለት እግሯን ከፔዳሉ ለአሥራ ስድስት ሰከንድ አንሥታ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ለማን ትናገረው?

ቅዳሜ የመጣውንም የሄደውንም አላየችም። ሰው «እግዜር ያጽናሽ» ሲላት «አሜን» አለች። ደግመው ሲሏት ደግማ አለች።

እሁድ በአሥር ሰዓት ከሩብ ተነሥታ ወጣች። ለምን እንደምትሄድ አታውቅም ነበር። ጎረቤቲቱ አልረሳችም። ልጆቿን ወደ ውጭ ልካ፣ መጋረጃውን ዘግታ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት አንድ ወንበር ብቻ አዘጋጅታ እየጠበቀቻት ነበር። እሷ ራሷ ጓዳው በር ላይ ቆማ መሐረቧን አፏ ላይ ይዛለች። ማስታወቂያው እንደጠፋ ጎረቤቲቱ አልተነገራትም። ልትነግራትም እሷ አቅም አልነበራትም። ተቀመጠች።

ሳሙና ታየ። የጥርስ ሳሙና ታየ። ከዚያ ብስክሌተኞች ዳገት ሲወጡ ታዩና አንድ የወጣት ድምፅ መጣ። ጥርት ያለ፣ ቸኮል ያለ፣ ደስ የሚል ድምፅ ነው። በመጨረሻው ቀን የብስክሌቱ መዝጊያ እንደሚተላለፍ፣ ከዚያ የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት እንደሚከተል ተናገረ። ሳምንቱን አብረውት ለቆዩት ሁሉ ምስጋና አቀረበ።

«እንዴ» አለች ጎረቤቲቱ መሐረቧን ከአፏ አውርዳ። «ይኼ ማነው? እሳቸው የት ሄዱ?»

«ዝም በይ። ይጨርስ።»

ጨረሰ። ሙዚቃው ሲመጣ ጎረቤቲቱ «ምናልባት ሰዓት ተሳስተን ይሆናል፤ እስቲ ትንሽ እንጠብቅ» አለች። ትንሽ ጠበቁ። ዜና ጀመረ።

«ጥሩ ያነባል፣ ልጁ» አለች ሐዘንተኛዋ። ተነሥታ ወንበሩን ወደ ነበረበት ግድግዳ መለሰችው፤ መቀመጫው ላይ የተጨማደደውን ልብስ በመዳፏ ደጋግማ ዳበሰች፣ ልክ እስኪሆን።

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት አለፈው። ጋሼ ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ ነገሩን ያነሣዋል። «በዚያ ሳምንት ከሁሉ በላይ የረዳኋት፣ እሷ ሳትነግረኝ ሄጄ ድምፁን ያስጠፋሁላት ጊዜ ነው» ይላል። ሰዎቹ ይመርቁታል። እሷ ሻዩን ትቀዳለች። እስከ ዛሬ አልነገረችውም።