ጠያቂ የበዛበት ጉልበት

የታመመ ሰው ጠያቂ ሲያጣ ያዝናል። እኔ ደጀን፣ የወልድያ–መርሳ ሚኒባስ ሾፌር፣ በጠያቂ ብዛት ጉልበቴ ሊደርቅ ነው ብል ማን ያምነኛል?

ነገሩ የጀመረው ከፍሪሲዮን ነው። ስንት ዓመት በግራ እግሬ ስረግጥ ስለቅ፣ ከጉልበቴ ሎሚ ሥር አንድ ነገር ይፈጨኝ ጀመር። ደረጃ መውረድ አቃተኝ፤ ወልድያ መናኸሪያ ተሳፋሪ እስኪሞላ ጉልበቴን አጥፌ ስቀመጥማ እንባዬ ይመጣል። ደሴ ያለችው ሐኪም፣ ዶክተር ቤዛ፣ መጀመሪያ ስፖርት አዘዘችልኝ። ወራት ሠራሁ፣ አልተሻለኝም። ከዚያ ራጁን እያሳየች አስረዳችኝ። ሎሚው መስመሩን ስቶ ወደ ውጭ ስለሚሳብ፣ ከሥሩ ያለው ለስላሳ አጥንት፣ ቅርጭጭቱ፣ ጫና በዝቶበት ተልጧል። ለአንዳንዱ ሰው በጎን በኩል የጠበቀውን ጅማት ማላላት ይበቃዋል፤ ለእኔ ግን አይበቃም። የሎሚው ጅማት የተተከለበትን የቅልጥም አጥንት ቆርጣ፣ ወደ ፊትና ወደ ውስጥ አሸጋሽጋ በብሎን ልታስረው ነው። ያኔ ሎሚው ከፍ ይላል፣ ጫናውም ይቀንሳል።

ቀዶ ጥገናው ሰመረ። ስትሸኘኝ አጥብቃ የነገረችኝ አንድ ነገር ነው፤ በየቀኑ ተኝቼ ተረከዜን ወደ መቀመጫዬ እየሳብኩ ጉልበቴን ቀስ በቀስ እንዳጥፍ። ካልታጠፈ ይደርቃል አለች። ብቻዬን ስለማልችለው፣ ለእናቴ ለአሰፋሽ ተረከዜን እንዴት እንደምትደግፍ አሳየቻት። እናቴም «እሺ፣ እሺ» እያለች ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ ጆሮዋ የገባው ግን «አጥንቱን ቆርጠን» የሚለው ብቻ ነበር።

እናቴ በምታውቀው ሕግ የተሰበረ አጥንት ታስሮ ይቀመጣል እንጂ አይነካም። አባቴ እግሩ ተሰብሮ ወጌሻ ያሰረለትን፣ እርሻ ደረሰብኝ ብሎ ያለጊዜው ፈትቶ ተነሳ። እስኪሞት ድረስ አነከሰ። የእኔን ጉልበት እንዲያ ላታደርገው ምላ ነበር።

መርሳ ቤታችን በገባሁ ማግስት ጥየቃው ተጀመረ። የመናኸሪያ ተራ አስከባሪዎች መጡ፣ የእድር ሰዎች መጡ፣ ከውርጌሳ የአክስቴ ልጆች ፓፓያና ብርቱካን ተሸክመው መጡ። ጎረቤታችን ሼህ አብዱልመሊክ «አላህ ያሽርህ» ብለው፣ አጭር ዱዓ አድርገው ተነሱ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ቶሎ የተነሱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ተረከዜን መሳብ ስጀምር በሩ ይንኳኳል። በእንግዳ ፊት ራቁት እግሬን ዘርግቼ እያቃሰትኩ ልታገል? ነውር ነውና አንሶላዬን እስባለሁ። የገባው ሁሉ «እንዳትነቃነቅ» ይለኛል፣ እናቴም «ንገሩት እስቲ» ትላለች።

የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ጌትነትማ ቀን ዘልለው አያውቁም። ተቆርጦ የሞተውን፣ ተቆርጦ የሸተተውን ሁሉ ቁጭ ብለው ይተርኩልኛል። ብረት ሰውነት ውስጥ ሲገባ ብርድ ይስባል ይላሉ፤ በመርሳ ሙቀት ብርዱ ከየት እንደሚመጣ እግዜር ይወቀው።

ጠያቂ ከሰዓት ብቻ ይምጣ ብዬ እናቴን ለመንኳት። ተቀየመች። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፣ በሬን በሰው ላይ ልዝጋ ወይ አለች። መድኃኒትም ሲበዛ ይገድላል አልኳት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። ተረከዜን ያዢልኝ ስላት ደግሞ ሁልጊዜ ነገ ነው።

እኔ አልጋ ላይ ስበሰብስ መኪናዬን ተተኪው ሾፌር ፍፁም ይነዳል። በቤታችን በኩል ሲያልፍ ሰላም ሊለኝ ክላክስ ያደርጋል፤ ማርሹን ሲያንቋቋው እዚህ ሆኜ እሰማለሁ፣ ደሜ ይፈላል። ባለንብረቱ ማሩም መልእክት ላከ፤ ከፋሲካ በኋላ መሪ ካልጨበጥኩ መኪናው የፍፁም ነው።

የቀጠሮው ቀን ደሴ ሄድን። ዶክተር ቤዛ ራጁን አይታ ደስ አላት። ከዚያ እጠፍ አለችኝ። ጥርሴን ነክሼ ሞከርኩ፤ ጉልበቴ ትንሽ ሄደና ቆመ። ፊቷ ተለወጠ።

«አጥንቱ ይዟል፤ ጉልበቱ ግን እየደረቀ ነው» አለች። «በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዲህ ሆኖ ከመጣ፣ አደንዝዤ በግድ ላጥፈው ነው።»

እናቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አፍ አወጣች። «በግድ ሲታጠፍ ብሎኑስ? አጥንቱስ?»

«እኔም የምፈራው እሱን ነው፣ እማማ።»

ስንመለስ ንዴቴን መቻል አቃተኝ። ጉልበቴን ያደረቅሽው አንቺ ነሽ አልኳት፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሰማ።

በነጋታው ጠዋት የግቢው በር ሲቀረቀር ሰማሁ። ያ በር በቀን ተዘግቶ አይቼው አላውቅም። እናቴ ገባች፣ ነጠላዋን አውልቃ አስቀመጠች፣ እግሬ ሥር ተቀምጣ ሐኪሟ እንዳሳየቻት ተረከዜን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሳብ» አለችኝ።

ሳብኩ። እሷም ደገፈችው። ከሎሚው ሥር እሳት ተነሳና ጮህኩ። ቀና ብዬ ሳያት እንባዋ ይወርዳል፣ ማርያምን ትጠራለች፣ እጇ ግን አልላላም። በንዴት የተናገርኩት ሁሉ ያን ጊዜ ቆጨኝ።

«ቤቶች!» አሉ ጋሽ ጌትነት ከውጭ፣ በሩን እየገፉ። «አሰፋሽ! ምነው ዛሬ ዘጋሽው?»

እናቴ ካለችበት ሳትነሳ ድምጿን ከፍ አደረገች። «ደጀን የለም፣ ጋሼ። ወጥቷል።»

እድሜዋን ሙሉ ጠያቂ ከበር መልሳ አታውቅም፤ እኔም አፌን በአንሶላ ለመያዝ ሞከርኩ። ግን ተረከዜ እንደገና ሲሳብ ጩኸቱ አመለጠኝ።

ጋሽ ጌትነት በሩን መግፋት ተዉ።

«ታዲያ የሚጮኸው ማነው?»

እናቴ እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች፤ ተረከዜን አለቀቀችም።

«እኔ ነኝ» አለች።