በወገቧ ላይ የነበረው ክር

«ይሄን ክር ማን ነው የጠመጠመው?»

የጠየቀው የወታደሮች አዛዥ ነበር። ክሩ የቶማሲን ነበር። ማለዳ በቤተ ክርስቲያኑ የእንጨት ወንበር ጫፍ ላይ በተቀረጸችው በቅድስት ማርጋሬት ወገብ ላይ ሦስት ዙር ጠምጥማ፣ ቋጠሮ ምጥ ያስራል ስለሚባል ሳትቋጥር ጫፉን ሸጎጠችው። እስከ እኩለ ቀን ደወል ይቆይና በምጥ ላይ ባለችው ሴት ሆድ ላይ ይዞራል። የቶማሲን እናትም እንዲሁ ነበር የተገላገለችው። የቶማሲን ልጅ አቪስ ምጥ ከያዛት ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው።

ንጉሡና ፓርላማው የሚዋጉበት ዓመት ነበር። ደወሉን ሰምታ ክሩን ልትወስድ ስትሮጥ የፓርላማው ወታደሮች ቀድመዋት ገብተዋል። ባለቀለሙ የመስኮት መስታወት ረግፎ፣ የመላእክቱ ፊት በጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል። ትእዛዙ የቅዱሳን ምስል ይሰበር፣ የተራ ሟች መታሰቢያ ግን አይነካ የሚል ነበር።

አዛዡ ከተቀረጸችው ሴት ፊት ቆሟል። «ይቺስ ማን ናት?»

«እሷማ ማንም አይደለች፣ ጌታዬ» አለ የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ሽማግሌው ጊልበርት። «የባለወፍጮው ሚስት ነበረች አሉ። ከሞተች ሁለት መቶ ዓመቷ፤ ምላሷ ግን እስካሁን ይወራል!»

ወታደሮቹ ሳቁ። አዛዡም ሊያልፍ እግሩን ሲያነሳ ነው ክሩን ያየው።

«የሞተች ሴት ወገቧን ያማታል እንዴ?» አለና፣ ክሩን ማን እንደጠመጠመው ጠየቀ።

ጊልበርት ቶማሲንን አያት። ልጆች ሲጫወቱ ነው ማለት ይቻል ነበር። ይህ የመጣላት ግን ከቀብሩ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ ስብርባሪው እጇን ቆረጣት።

«ጌታዬ፣ በእናትህ! ልጄ ምጥ ጠንቶባታል። ክሩን ብቻ ስጠኝ!»

«ዝም በይ፣ አንቺ ሴትዮ!» አለ ጊልበርት። ግን ዘገየ።

«እንግዲያው ቅድስት ናታ» አለ አዛዡ፣ መጥረቢያ ወደያዘው ዞሮ። «በላት!»

መጥረቢያው ወገቧ ላይ አረፈ። እንጨቱም ክሩም አብረው ተቆረጡ።

ቶማሲን ቁርጥራጩን ከመስታወቱ መሃል ለቀመች። እየሮጠች፣ በደማ እጇ፣ አራት ቦታ ቋጠረችው። ቤት ስትደርስ አዋላጇ ቋጠሮዎቹን አየች። ቋጠሮው ምን እንደሚያመጣ ቶማሲንም ታውቅ ነበር፤ ሌላ ክር ግን አልነበራትም። በአቪስ ሆድ ላይ አዞረችው።

«ጠመጠምሽልኝ፣ እማ?» አለች አቪስ።

«አዎ፣ የኔ ልጅ። ከወገቧ ላይ ነው ያመጣሁልሽ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሕፃኗ አለቀሰች። እሷ ተረፈች፤ አቪስ ግን አለፈች።